ድመቷ የምትሰማው ቃል

ሾፌር ክንዱ መቀመጥ አይሆንለትም። ዕድሜውን ሙሉ ተቀምጦ የኖረ ሰው ነው ብትሉ አትሳሳቱም፤ ሠላሳ አራት ዓመት መሪ ጨብጦ ከፍኖተ ሰላም ቡሬ፣ ከቡሬ ባሕር ዳር ተመላልሷል። ግን ያ መቀመጥ አይባልም፣ ከሥሩ መንገድ ይሮጣል። አሁን ምንም የማይሮጥ በርጩማ ላይ አስቀምጡትና እዩት። በርጩማው ሳይሞቅ ይነሳል። በሩ ድረስ ሄዶ ይመለሳል፣ ይቀመጣል፣ ቀኝ እግሩ የሌለ ፍሬን ይረግጣል፣ እንደገና ይነሳል። ዋናው መንገድ ላይ መኪና ባለፈ ቁጥር በድምፁ ለይቶ “ይኼ አይሱዙ ነው፣ ጭነቱ በዝቶበታል” ይላል፣ ማንም ሳይጠይቀው።

“አንተ ሰው፣ ወለሉን ልትጨርሰው ነው” ትለዋለች ሚስቱ ታንጉት።

ከመንገድ ያወረደው ዓይኑ ነው። ሞራ ሁለቱንም ጀምሮታል፣ ግራው ግን ብሶበታል። ባለፈው ክረምት መንጃ ፈቃድ ሊያሳድስ ሄዶ ግድግዳው ላይ የተለጠፉትን ፊደሎች አንብብ ቢባል የመጀመሪያዋን ትልቋን ብቻ አነበበ፣ እሷንም ገምቶ። መኪናውን ዐሥር ዓመት ረዳቱ ለነበረው ለወንዳወቅ ሸጠለት። የባሕር ዳሩ ሐኪም “ይገፈፋል፣ አትስጋ” ብሎ ለየካቲት ሦስት ቀጠረው። እስከዚያው ቤት ዋለ፣ ሠላሳ አራት ዓመት ለማደሪያ ብቻ ይመጣበት የነበረው ቤት።

ያን ጊዜ ማታ ማታ ከዋናው መንገድ ወደ ሰፈሩ ሲታጠፍ ሁለቴ ክላክስ ያደርግ ነበር። ለምን ቢባል አያውቅም፣ እጁ የለመደው ነው። ግቢ ገብቶ እስኪታጠብ እራቱ ቀርቦ ያገኘዋል። ይኼም ለምን እንዲያ እንደሚሆን አስቦበት አያውቅም።

ድመቷን ያመጣቻት አይጥ ናት። በታኅሣሥ በቆሎው ተሸልቅቆ፣ በርበሬው ደርቆ ጓዳ ሲገባ አይጡም አብሮ ገባ። ሌሊት ኬሻ ሲቀድ ይሰማል። ታንጉት መርዝ አትወድም፤ የዛሬ ሁለት ዓመት ለአይጥ ያስቀመጠችው መርዝ አይጡን ትቶ አራት ዶሮዋን ነው የፈጀው።

“ድመት ፈልግ” አለችው።

ድመት ለመፈለግ ቡሬ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፣ ሦስት ቤት አልፎ የወለደች ድመት ነበረች። ክንዱ ግን ምክንያት ሲጠብቅ የከረመ ሰው ነው። ካፖርቱን ለብሶ የራሱ በነበረው መኪና ጋቢና ገባና እስከ ማንኩሳ ድረስ ፍሬን ሲረግጥ ሄደ። ወንዳወቅ እያየ መንዳቱን ቀጠለ፤ የድሮ አለቃው እግር ነውና ምን ይለዋል።

ቡሬ መናኸሪያ ደርሰው ተሳፋሪው ሲወርድ፣ ከጎን የቆመ ሌላ ሚኒባስ ሥር፣ ሞተሩ ሙቀት ላይ አንዲት ድመት ተጠቅልላ ተኝታለች። ነጭ ናት፣ ጥቁር ጣል ጣል ያለባት፣ አጥንቷ የሚቆጠር። “የማን ናት?” ቢል “የማንም ናት” አሉት። ዳቦ አሳይቶ ባንገቷ አፈፍ አደረጋት፣ አንዱ ጫኝ ባዶ ኬሻ ወረወረለት፣ ከተተና አፉን አሰረ። ጥፋቱ የተሠራው እዚህ ላይ ነው። ኬሻው የበርበሬ ኬሻ ነበር። ሥሩ ላይ የቀረውን ቀይ ብናኝ ዓይኑ አላየውም፤ አፍንጫውም ቢሆን ያን ያህል ዓመት በርበሬ ሲጭን ኖሮ ሽታውን መለየት ትቷል።

ፍኖተ ሰላም እስኪደርሱ ኬሻው ያስነጥስ ነበር። ተሳፋሪው ሁሉ ይስቃል። ክንዱ “ጉንፋን ይዟታል” አለ።

ጓዳ ገብቶ ኬሻውን ሲፈታው ድመቷ ዓይኗ ጎርፍ ሆኖ፣ በአፍንጫዋም በአፏም እየረጨች ወጣች፣ ግድግዳ ላይ ተላተመች፣ ከዚያ በበቆሎው ኬሻና በግድግዳው መካከል ገብታ ጠፋች። ታንጉት ኬሻውን አንስታ አሸተተችና እሷም አስነጠሳት።

“አንተዬ፣ ድመት ነው ያመጣኸው ወይስ ድልህ ልትደልህባት ኖሯል?”

ሳቁ አንድ ቀን ነው የቆየው። ድመቷ አልወጣችም። ክንዱ ከቡሬ ስለመጣችም፣ መልኳም እንደ ቡሬ በሬ ዝንጉርጉር ስለሆነ “ቡሬ” ብሎ ስም አወጣላት፤ በስሟ ቢጠራት የለችም፣ “ውርዬ፣ ውርዬ” ቢላት የለችም። ወተት ቢያቀርብላት እሱ ቆሞ ሳለ አትነካውም፤ ወጥቶ ሲመለስ ሳህኑ ተልሷል። በጠባቧ ክፍተት ሁለት ዓይን ብቻ ይታያል፣ እሱም ቀልቶ። እጁን ሰደደ፣ ቧጠጠችው። በዱላ ጫፍ ቀስ አድርጎ ሊያወጣት ሞከረ፣ ጭራሽ ጣራው ማገር ላይ ወጣች። በቀን አርባ ጊዜ ይገባል፣ አርባ ጊዜ ይወጣል። ኬሻውን ይጎትታል፣ ይመልሳል። አይጡም ሁካታው ስለተስማማው ይመስላል ሥራውን አላቋረጠም።

“ለጥምቀት ካልለመደች ወደመጣችበት መልሳት” አለች ታንጉት። “አንድ የሚቅበዘበዝ ይበቃኛል።”

ክንዱን የቆረቆረው መመለሱ አይደለም። ያን ሁሉ ዓመት ስንቱ ሕፃን ጋቢናው ውስጥ እንቅልፍ ወስዶት፣ ስንቷ ነፍሰ ጡር “ክንዱ ከነዳ ምን አለብኝ” ብላ ሄዳለች። ሰው ነፍሱን የሚሰጠው ሰው ነበር። አሁን አንዲት የመናኸሪያ ድመት እንኳ ዓይኑን አይታ ማገር ላይ የምትወጣ ከሆነ፣ ምን ቀረው? ይኼን ለማንም አልተናገረም። አፈረ።

ነገሩን የፈታችው ናዚፋ ናት። ናዚፋ መንገድ ዳር ያለችውን ክፍላቸውን ተከራይታ ልብስ የምትሰፋ ሴት ናት፣ ስድስት ዓመት አብራቸው ኖራለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዛላ በርበሬ ልትመርጥ ጓዳ ገብታ ኬሻ ላይ ቁጭ አለች። ታንጉት ቆሎ ሰጠቻት። ክንዱ እንደ ልማዱ በሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል። ናዚፋ ከቆሎው ዘገን አደረገችና ወዳፏ ስትወስድ “ቢስሚላህ” አለች።

ማገሩ ላይ ኮሽ አለ። ቡሬ በግድግዳው ተንሸራታ ወረደች፣ ጭራዋን ቀጥ አድርጋ መጣች፣ ናዚፋ እግር ሥር ቁጭ ብላ ቀና ብላ አየቻት። ክንዱ እግሩ ባለበት ቀረ። ታንጉትም ሰፌዱን እንዳንጠለጠለች ቀረች።

“ውይ! ይችማ የከድር ናት” አለች ናዚፋ። “አያ ክንዱ፣ ከመናኸሪያው በር ፊት ለፊት ፉል ቤት የነበረውን ከድርን አያውቁትም? ቡሬ ልጄ ጋ ስሄድ እዚያ ነበር የምበላው። ቤቱን ዘግቶ ነቀምት ሄደ እኮ። እሱ ሳህን ባስቀመጠ ቁጥር ቢስሚላህ ይል ነበር። ለሰውም ለድመትም። ሌላ ስም ያላት አይመስለኝም።”

ከድርን እንዴት አያውቀውም። ስንት ጠዋት እዚያ ፉል በልቷል። ቃሉንም ሺህ ጊዜ ሰምቶታል፣ አላዳመጠውም እንጂ።

“እንግዲህ እንደዚያ ይበሏታ” አለች ናዚፋ እየሳቀች። “ደግሞ እባክዎ አይቁሙባት። ዝቅ ብለው ይቀመጡ፣ ጎንዎን ይስጧት፣ ብትመጣም ባትመጣም ብለው ይተዉአት። ሲሄዱ ሲመጡ እኮ እኔንም ያስበረግጉኛል።”

በማግስቱ ክንዱ የጓዳውን በር ገርበብ አደረገ። ወተቱን አስቀመጠ። ኬሻ ላይ ተቀመጠና ዞር ብሎ ማንም አለመኖሩን አየ። ከዚያ አማተበና “ቢስሚላህ” አለ።

ወረደች። ሦስት ክንድ ርቃ ቆመች። ቀኝ እግሩ ፍሬን ረገጠ፣ ተመልሳ ወጣች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለክንዱ አዲስ ሥራ ተፈጠረ፣ በዕድሜው ካየው ሁሉ የከበደ። ዝም ብሎ መቀመጥ። ጉልበቱን በሁለት እጁ ይዞ ይጫነዋል። እግሩ እረፍ ሲሉት ጣቱ ይነሳል፣ ጣቱ ሲያርፍ ትከሻው ይበላዋል። ውጭ አይሱዙ ያልፋል፣ ሊነሳ ይከጅላል፣ ይተወዋል። የለበሰው ካፖርት በርበሬ በርበሬ እንደሚል ነግራው ታንጉት አጥባለት ነበር፤ አሮጌ ሹራቡን ደግሞ ወለሉ ላይ ትቶላት ያድራል፣ ጠዋት ፀጉሯን ያገኝበታል። ሦስቱ ክንድ ሁለት ሆነ። ሁለቱ አንድ ሆነ። ዓይኑ ሞራ ስላለበት ትኩር ብሎ ማየት አይችልም፤ ጨፈን፣ ገለጥ ያደርገዋል። ድመቷም እያየችው ጨፈን፣ ገለጥ ማድረግ ጀመረች። እያሾፈችብኝ ነው ብሎ ነበር መጀመሪያ። ናዚፋን ቢጠይቃት “ባታምንዎት መቼ ዓይኗን ትጨፍንልዎት ነበር” አለችው፣ ያን ቀን ምሳ አልበላም፣ ከደስታ።

በከተራ ዕለት ጉልበቱ ላይ ወጣች። በማግስቱ፣ ታቦቱ ገና ከማደሪያው ሳይነሳ፣ ይኼን የሚያህል አይጥ አምጥታ ጫማው አጠገብ አስቀመጠች።

አሁን ደግሞ የታንጉት ተራ ሆነ። አይጡ መሞቱ ደስ ቢላትም የተገደለበት ቃል አልተዋጠላትም። ጎረቤታቸው አስካለ ማርያም፣ የማኅበር ጓደኛዋ፣ አጥር ተደግፋ “ታንጉቴ፣ ከናንተ ጓዳ አዲስ ጸሎት እሰማለሁ ልበል?” አለቻት። በጎጃም እንዲህ ከተባላችሁ ነገሩ መንደሩን ሁሉ ዞሯል ማለት ነው። ታንጉት በሩን ዘግታ፣ ሳህን ይዛ፣ በስመ አብ ብላ ጀመረች፣ እስከ አሜን አደረሰችው። ቡሬ ማገሩ ላይ ተቀምጣ መዳፏን ትልሳለች።

የነፍስ አባታቸው መምሬ ጌታሁን ጸበል ሊረጩ ሲመጡ ታንጉት ሁሉን ዘረገፈችው። መምሬ በወጣትነታቸው ቅኔ ቤት የከረሙ ናቸው፣ ቀጥ ያለ ነገር ቀጥ አድርገው መናገር አይወዱም። ዘንጋቸውን ተደግፈው ጠየቋት።

“ታንጉት፣ ‘በስመ’ ማለት ምንድን ነው?”

“በስሙ ማለት ነው እንጂ፣ አባቴ።”

“እነሱስ ‘ቢስሚ’ ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?”

ታንጉት አላወቀችም።

“በስሙ ነው የሚሉት” አሉ መምሬ። “እንግዲህ እኔ ድመት አላቆርብ፣ ንስሐም አልሰጥ። ከድር ያስተማራትን እኔ ላስረሳት ብል የማን ትምህርት ነው የሚባልልኝ?” ብለው ጓዳውን ረጭተው ሄዱ። ፈቀዱ ወይስ ከለከሉ? ባልና ሚስት እስከ ማታ ተከራከሩበት፣ አልተስማሙም። ክንዱ ማለቱን ቀጠለ፣ ታንጉት “እኔ ግን ከአፌ አይወጣም” አለች።

እንዲህ እንዲህ ሲል የካቲት ተቃረበ። ቀጠሮው ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው የናዚፋ ልጅ ሳቢራ ቡሬ ከተማ ወለደች፣ ናዚፋ ልታርሳት ማሽኗን ሸፍና ሄደች። ክንዱ ከዚያን ዕለት ጀምሮ ሰላም አጣ። ምክንያት ነበረው። ባለፈው ሳምንት ማንኩሳ ለቅሶ ሄዶ አድሮ ነበር፣ ናዚፋም ያን ዕለት ቤት አልነበረችም፤ ድመቷ የሚጠራት አጥታ አጥር ዘልላ ወጥታ፣ ዋናው መንገድ ዳር የቆመ መኪና ሥር ነው ያገኛት፣ ጆሮዋ ተቀዶ። አንድ ቀን ነው ይኼ። ለዓይኑ የሚሄደው አምስት ቀን ነው፣ መንገዱም አንድ ቀን ክፍት አንድ ቀን ዝግ ነው። ሞቅ ያለ ሞተር ሥር ትተኛለች፣ ሾፌሩ ሳያይ ያስነሳል። ሾፌር ነውና ያውቀዋል። አንድ ሁለት ጊዜ ራሱ ላይ ደርሶበታል፣ ድምፁ እስካሁን ከጆሮው አልወጣም።

“አልሄድም” አለ።

ታንጉት መጀመሪያ የሰማች አልመሰላትም። “ምን አልክ?”

“ቀጠሮውን አስተላልፈዋለሁ። ናዚፋ ስትመለስ።”

“ይኼ ካለፈ ሌላው ወረፋ ክረምት ነው አላለህም ሐኪሙ? እስከ ክረምት ግራህ ጨርሶ አይዘጋም? ለድመት ብለህ ልትታወር ነው?”

“አንቺ አትጠሪያትም።”

“አልጠራትም!”

ሁለቱም ጮኹ። ክንዱ በሩ ድረስ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ሄደ። ታንጉት እንባዋ መጣ፣ ንዴት ነው ብላ በነጠላዋ ጠረገችው። ሌሊቱን ሁለቱም ሲገላበጡ አደሩ። ጎህ ሲቀድ ቦርሳውን ራሷ አዘጋጅታ፣ ወንዳወቅን ደውላ ጠርታ፣ እንደ ሕፃን እጁን ይዛ ጋቢና አስገባችው።

“ሂድ። ድመቷን እኔ አላውቃትም። አንተን ግን የሚያይ ዓይን ይኑርህ።”

ባሕር ዳር ዓይኑ ተሠራለት። አልጋ ላይ እንዳትንቀሳቀስ ቢባል ጓዳ ውስጥ የለመደው ልምድ ጠቀመው፣ ጉልበቱን በእጁ ይዞ ተኛ። ልቡ ግን አልተኛም። ይደውላል፣ “የደወሉላቸው ደንበኛ አሁን አያገኟቸውም” ይባላል። ይደውላል፣ ኔትወርክ የለም። አጠገቡ የተኛው የዱርቤቴ ገበሬ “ቤት የታመመ አለ እንዴ?” ቢለው “ድመት” ማለት አሳፈረውና “አዎ” አለ።

በስድስተኛው ቀን መንገዱ ተከፈተ። ከሰዓት በኋላ ፍኖተ ሰላም ገባ፣ ግራ ዓይኑ በነጭ ፋሻ ተሸፍኗል። ባጃጁን ሰፈሩ መታጠፊያ ላይ አስቁሞ ወረደ፣ መንገዱን ዳር ለዳር እያየ፣ በየቆመው መኪና ሥር እያጎነበሰ ሄደ። የለችም። ይኼ ጥሩ ይሁን መጥፎ አላወቀም። ግቢ ገባ። በሩ ክፍት ነው፣ ሰው የለም። ሊጣራ አፉን ሲከፍት ከጓዳ የታንጉት ድምፅ መጣ፣ ዝግ ብሎ።

“ቢስሚላህ።”

ደግማ ጠራች። “ቢስሚላህ አልኩሽ እኮ። ነይ። እሰይ፣ ነይ እናቴ፣ ይምጣልሽ ያ ዘዋሪ። ዓይኑን ከፍቶ ይምጣልሽ።”

ወተት ሲላስ ይሰማል። ክንዱ በሩ ጥግ ቆመ።

“አንቺ ምን አለብሽ፣ ቃልሽን የሚልልሽ አለ። እኔ ሠላሳ አራት ዓመት ሁለት ክላክስ ነበር የምጠብቀው። ከመታጠፊያው ስሰማት ነው ወጡን የማወጣ። ያልሰማሁ ቀን እህል ከአፌ አይገባም፣ ገደል ገባ እላለሁ፣ ሌላ መኪና ሲጮህ እነሳለሁ፣ እቀመጣለሁ። አሁን ሰውየው ቀኑን ሙሉ ፊቴ ነው። ቤት ያለ ሰው ክላክስ አያደርግ። መጣ የሚያሰኘኝ አጣሁ።”

ክንዱ ግድግዳውን ያዘ። እጁ ዝም ብሎ የሚያደርገው ይመስለው የነበረውን ነገር ስንት ማታ እንዳደረገው ሊቆጥር ሞከረ፣ አልቻለም። ስንት ማታ ደክሞት እንደረሳውም አሰበ። እነዚያን ነው ያልቻላቸው። ያልተሸፈነው ዓይኑ እንባ ሞላ፣ ሐኪሙ አታልቅስ ያለው ሌላኛውን ነው ብሎ ተወው። ቀኝ እግሩ ወለሉ ላይ ጸጥ ብሎ አረፈ።

ከዚያ በእግሩ ጣት ወደ ኋላ ተመለሰ። ግቢውን አልፎ በሩን ወጣ፣ መንገድ ላይ ቆመ፣ ሁለት እጁን አፉ ላይ ሰብስቦ፣ ስድሳ ዓመት ያለፈው ሰው፣ ባላፊ አግዳሚው ፊት ጮኸ።

“ጲጵ! ጲጵ!”

ጓዳ ውስጥ ድመቷ ከሳህኗ ቀና አላለችም። ታንጉት ግን ነጠላዋ እየተጎተተ፣ ወተት የነካው እጇን ሳትጠርግ፣ እየሮጠች ወጣች።